የባሮ ዳር መሬት ውል ሲፈርስ ዳኛው ማን ነው?

በባሮ ወንዝ ዳርቻ የእርሻ መሬት ተከራይቶ የሚሠራ ባለሀብት፣ ለእርሻው ትራክተርና ኮምባይነር በዱቤ የሚያቀርብ አስመጪ፣ ጥጡንና ሰሊጡን ሳይታጨድ በፊት የሚገዛ ነጋዴ፣ ሁለቱን ወገን የሚያገናኝ ደላላ ሁሉም ውል ይፈርማሉ። ሲፈርሙ ዓይናቸው የሚያርፈው ዋጋው ላይ ነው። ከገጹ ግርጌ ያለው «አለመግባባት ቢፈጠር» የሚለው አንቀጽ አብዛኛውን ጊዜ ከሌላ ውል ላይ ተገልብጦ የሚገባ ነው። በጋምቤላ ለአንዳንዱ ባለሀብት ሁሉን ነገር የወሰነው ግን ይህ አንቀጽ የሚነካው ጉዳይ ሆኗል።

ነገሩ ወዲህ ነው። በ2013 ዓ.ም የወጣው የግልግል ዳኝነትና የእርቅ አሠራር ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1237 በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ውስጥ የነበሩትን የግልግል ድንጋጌዎች ሽሮ አዲስ ሥርዓት ዘርግቷል። ነጋዴው በጉጉት ሲጠብቀው የነበረ ሕግ ነው። ነገር ግን አንቀጽ 7 ወደ ግልግል ሊቀርቡ የማይችሉ ጉዳዮችን ሲዘረዝር ከፍቺና ከወንጀል ጎን ታክስን፣ የኪሳራ ውሳኔን፣ የንግድ ማኅበር መፍረስን፣ በሕግ ካልተፈቀደ በቀር የአስተዳደር ውልን፣ እንዲሁም ሊዝን ጨምሮ ማንኛውንም የመሬት ጉዳይ አስቀምጧል። ጋምቤላ ላይ ኢንቨስትመንት ማለት ደግሞ በቅድሚያ መሬት ነው። መሬቱን የሚያከራየው መንግሥት ስለሆነ የአስተዳደር ውል የሚለው ጥያቄም ወዲያው ይነሳል፤ ሲያተርፉ ታክስ ይከተላል። የግልግል አንቀጽ በመሬት ኪራይ ውል ላይ የጻፈ ሰው እንግዲህ እዚህ አገር ፍርድ ቤት ፊት ሲቀርብ የጻፈው ወረቀት ብቻ ሆኖ ሊያገኘው ይችላል።

ካሩቱሪና የ20 ብሩ ሄክታር

ስለ ባሮ ዳር መሬት ሲነሳ በገበያው ሰው አፍ ቀድሞ የሚመጣው ካሩቱሪ ግሎባል ነው። ዋና መሥሪያ ቤቱን ባንጋሎር ያደረገውና በጽጌረዳ ንግድ ስሙ የገነነው የሕንድ ኩባንያ መጀመሪያ ከክልሉ ጋር የተነጋገረው በ300 ሺህ ሄክታር ነበር። በጥቅምት 2003 ዓ.ም ከግብርና ሚኒስቴር ጋር የፈረመው ውል መጠኑን ወደ 100 ሺህ ሄክታር አወረደው። ቦታው በጂካዎና በኢታንግ ወረዳዎች፣ ዘመኑ 50 ዓመት፣ ኪራዩ ለአንድ ሄክታር በዓመት 20 ብር። ሲባዛ በዓመት 2 ሚሊዮን ብር ነው። በዚያው ሰሞን በክልሉ ሌሎች ባለሀብቶች በሄክታር 111 ብር ሲዋዋሉ የ20 ብሩ ዋጋ ብዙ አነጋግሯል።

ዋጋው ርካሽ ይሁን እንጂ ውሃው ርካሽ አልነበረም። በ2004 ዓ.ም መግቢያ ወንዞቹ ሞልተው ኩባንያው የሠራውን የአፈር ግድብ ጥሰው በቆሎውን ወሰዱት። ኩባንያው በወቅቱ ጉዳቱን 15 ሚሊዮን ዶላር አድርሶታል። ከዚያ ወዲያ እርሻው ቀና አላለም። በታህሳስ 2008 ዓ.ም መንግሥት ውሉን ሲያቋርጥ የሰጠው ምክንያት ኩባንያው በተሰጠው ጊዜ ያለማው 1,200 ሄክታር ብቻ ነው የሚል ነበር። ኩባንያው ማቋረጡን እንደማይቀበል አስታወቀ።

እዚህ ላይ ለሌላው ባለሀብት የሚጠቅም አንድ የሕግ ነጥብ አለ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1793 ከአቅም በላይ ለሆነ ኃይል ምሳሌ ሲሰጥ ጎርፍን በስም ይጠቅሳል። ከፊቱ ያለው ቁጥር 1792 ግን ባለዕዳው አስቀድሞ ሊያስበው የማይችለው ነገር መሆን አለበት ይላል። ባሮ በየክረምቱ የሚሞላ ወንዝ ነው። ዳርቻው ላይ መሬት የወሰደ ሰው «ይሞላል ብዬ አላሰብኩም» ቢል የሚያምነው ዳኛ ማግኘቱ ያጠራጥራል። ይልቅ በውሉ ውስጥ የውሃውን ከፍታ በመለኪያ አስቀምጦ፣ ከዚህ ካለፈ የልማት ጊዜው በዚህን ያህል ይራዘማል ብሎ መጻፍ ይሻላል። ይህን የመሰለ አንቀጽ መሐንዲስና ጠበቃ አብረው ተቀምጠው የሚያረቁት ነው፤ ከሌላ ውል የሚገለበጥ አይደለም።

እንዲያውም ጋምቤላን ጋምቤላ ያደረጋት ያው ሙላት ነው። በግንቦት 1894 ዓ.ም አፄ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር በፈረሙት ውል በባሮ ዳር ኢታንግ አጠገብ ርዝመቱ ከ2,000 ሜትር፣ ስፋቱ ከ400 ሄክታር የማይበልጥ መሬት ለሱዳን መንግሥት የንግድ ጣቢያ እንዲሆን ለማከራየት ተስማሙ። ጣቢያው ኋላ ጋምቤላ ላይ ተተከለ። በክረምት ውሃው ሲሞላ ከካርቱም በኩል የእንፋሎት መርከብ ይመጣል፤ ጨውና አቡጀዲ አራግፎ የጎሬንና የደምቢ ዶሎን ቡና ጭኖ ይመለሳል። ውሉ ሁለት ነገሮችን በግልጽ አስቀምጦ ነበር። ቦታው ለፖለቲካም ሆነ ለጦር ሥራ አይውልም፤ ኪራዩም የሚጸናው ሱዳን በእንግሊዝና በግብጽ አስተዳደር ሥር እስካለች ድረስ ነው። በታህሳስ 1948 ዓ.ም ሱዳን ነጻ ስትወጣ የውሉ መሠረት አበቃ፤ ጣቢያውም ወደ ኢትዮጵያ ተመለሰ። በባሮ ዳር ለሌላ መንግሥት የተከራየ መሬት ያለ ብዙ ንትርክ የተመለሰው ማብቂያው በውሉ ላይ ተጽፎ ስለነበረ ነው ቢባል ሐሰት አይሆንም።

የኒውዮርኩ ስምምነት የሚደርሰው እስከ የት ነው?

ብዙ ነጋዴ «ኢትዮጵያ የኒውዮርኩን ስምምነት ስለተቀበለች አሁን ሁሉም ነገር ለንደንና ፓሪስ ሊዳኝ ይችላል» ሲል ይሰማል። ግማሹ እውነት ነው። የተወካዮች ምክር ቤት በየካቲት 2012 ዓ.ም በአዋጅ ቁጥር 1184 ስምምነቱን አጸደቀ፤ ሰነዱ ነሐሴ 18 ቀን 2012 ዓ.ም ገቢ ሆኖ ከኅዳር 13 ቀን 2013 ዓ.ም ጀምሮ በኢትዮጵያ ላይ ጸንቷል። ስምምነቱ በ1958 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የተፈረመ ሲሆን ከ170 በላይ አገሮች አባል ናቸው። በአንዱ አገር የተሰጠ የግልግል ውሳኔ በሌላው እንዲፈጸም ያደርጋል።

ሌላው ግማሽ ግን በዝርዝሩ ውስጥ ነው። ኢትዮጵያ ስትገባ ገደብ አስቀምጣለች። ስምምነቱ የሚሠራው የንግድ ለሆኑ ግንኙነቶች፣ አባል በሆነ አገር ለተሰጠ ውሳኔ፣ ከገባችበት ቀን በኋላ ለተደረገ የግልግል ስምምነትና ለተሰጠ ውሳኔ ብቻ ነው። ስለዚህ በ2003 ዓ.ም የተፈረመ የመሬት ውል ከነጭራሹ በዚህ በር አይገባም። አዲስ ውል ቢሆንም እንኳ ስምምነቱ ራሱ አንድ አገር በሕጉ በግልግል ሊታይ በማይችል ጉዳይ ላይ የተሰጠን ውሳኔ እንዳይፈጽም ይፈቅድለታል። የአዋጅ 1237 አንቀጽ 7 የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። በጂካዎ መሬት ጉዳይ ለንደን ላይ የተረታ ወገን አዲስ አበባ ላይ «ይህ የመሬት ጉዳይ ነው» ብሎ ሊከራከር ይችላል። ውሳኔውን የያዘው ሰው ተረቺው ንብረት ባለው በሌላ አገር ቢሞክር ነገሩ ሌላ ነው።

በመንግሥት ላይ የሚቀርብ የውጭ ባለሀብት አቤቱታ ደግሞ ሌላ መንገድ አለው። የኢንቨስትመንት አዋጅ ቁጥር 1180/2012 ክርክሩ መጀመሪያ በምክክር እንዲፈታ ይደነግግና የፌዴራል መንግሥት ከውጭ ባለሀብት ጋር በግልግል ለመዳኘት ሊስማማ እንደሚችል ይገልጻል። «ሊስማማ ይችላል» የሚለው ቃል ሚዛን ይደፋል፤ ባለሀብቱ ብቻውን የሚወስነው አይደለም። ኢትዮጵያ በዓለም ባንክ ሥር የተቋቋመውን የኢንቨስትመንት ክርክር ማዕከል ስምምነት በመስከረም 1958 ዓ.ም ብትፈርምም አላጸደቀችውም። የሚቀረው በሁለት አገሮች መካከል የሚደረግ የኢንቨስትመንት ጥበቃ ስምምነት ነው። እሱም ቢሆን ዘላቂ ዋስትና አይደለም። ሕንድ ለምሳሌ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ከበርካታ አገሮች ጋር የነበራትን የቆየ ስምምነት አቋርጣለች።

የባቡሩ ፋይል

ግልግሉ እዚሁ አዲስ አበባ ቢሆንስ? የሰበር ሰሚ ችሎት በ2003 ዓ.ም በዳኒ ድሪሊንግ ጉዳይ፣ በመዝገብ ቁጥር 42239፣ ተዋዋዮች «ውሳኔው የመጨረሻ ነው» ብለው ቢስማሙም መሠረታዊ የሕግ ስህተት ካለ ሰበር ሊያየው ይችላል አለ። ይህ አቋም ለውጭ ኩባንያዎች ጎልቶ የታያቸው በኢትዮ ጅቡቲ ምድር ባቡር ጉዳይ ነው። በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ የሚካሄደውን የባቡር መስመር ጥገና የያዘው ኮንስታ የተባለው የጣሊያን ተቋራጮች ኅብረት በጥር 2008 ዓ.ም ከግልግል ጉባኤ 20 ሚሊዮን ዩሮ ገደማ ተፈረደለት። በግንቦት 2010 ዓ.ም ሰበር በመዝገብ ቁጥር 128086 ያንን ውሳኔ ሻረው። አሸናፊው በአንድ ቀን ባዶ እጁን ቀረ።

አዲሱ አዋጅ ይህን ለማስታረቅ ሞክሯል። ይግባኝ የሚባለው ተዋዋዮች ይህን ከፈቀዱ ብቻ ነው፤ ሰበር ግን ተቃራኒ ስምምነት ከሌለ በስተቀር ክፍት ነው። ይህ ማለት ሰበርን የማይፈልግ ነጋዴ ይህንኑ በውሉ ላይ በግልጽ መጻፍ አለበት። «የመጨረሻ ውሳኔ ይሆናል» የሚለው የድሮ ሐረግ በቂ ነው ብሎ መተማመን አያዋጣም፤ «በሰበርም አይታይም» ብሎ መጻፍ ያስፈልጋል።

ለጋምቤላ ነጋዴ ይህ ዋጋ የሚኖረው ከመሬቱ ውጭ ባሉ ውሎች ላይ ነው። የኮምባይነር ሽያጭ፣ የጥጥ አቅርቦት፣ የማጓጓዣ፣ የሽርክና፣ የአማካሪ ክፍያ ሁሉ በግልግል ሊታይ ይችላል። ስለዚህ መሬቱንና ማሽኑን በአንድ ውል ጠቅልሎ መፈረም ትልቅ ስህተት ነው። አንዱ የመሬት አንቀጽ ሌላውን ሁሉ ይዞት ሊወድቅ ይችላል። የመሬቱ ክርክር ፍርድ ቤት መሄዱ ካልቀረ፣ የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ጋምቤላን ጨምሮ በአምስት ክልሎች እንዲቋቋም በአዋጅ ቁጥር 322/1995 መደንገጉን ማወቅ ደህና ነው። ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ አዲስ አበባ ከመክሰስ በፊት የሥረ ነገር ሥልጣኑን ማጣራት ወጪ ይቀንሳል።

አንድ መሬት ለሁለት ሰው

የአገር ውስጡ ባለሀብት ግን ካሩቱሪን አይደለም የሚያስበው፤ ጎረቤቱን ነው። በ2008 ዓ.ም የተካሄደው የመንግሥት ጥናት እንዳሳየው በክልሉ ከ600 የሚበልጡ ባለሀብቶች ከ600 ሺህ ሄክታር በላይ መሬት የወሰዱ ሲሆን የለማው ጥቂቱ ነው፤ በመቶዎች የሚቆጠሩት ይዞታ ደግሞ አንዱ በሌላው ላይ የተደራረበ ሆኖ ተገኘ። የመለኪያው ነጥብ በወረቀት ላይ ትክክል ይመስላል፤ መሬት ላይ ሲወርድ ሁለት ሰው አንድ ቦታ ላይ ይቆማል። የኢትዮጵያ ልማት ባንክ በዚያው ዓመት ለዝናብ እርሻ የሚሰጠውን ብድር አቆመ።

የተደራረበው መሬት በመያዣነት የተሰጠ ከሆነ ነገሩ ይከፋል። የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 456/1997 መሬት የተከራየ ባለሀብት የመጠቀም መብቱን እንዲያስይዝ ፈቅዶለት ነበር። በሌላ በኩል አዋጅ ቁጥር 97/1990 ባንክ ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ፣ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ መያዣውን በሐራጅ እንዲሸጥ ሥልጣን ይሰጠዋል። ግልግሉ፣ ሰበሩ፣ የባለይዞታነት ክርክሩ ገና ሳይጀመር ባንኩ ጨረታ ያወጣል። ባንኩ ሕጉን ጥሶ ከሸጠ ኋላ ካሳ ይጠየቃል እንጂ ትራክተሩ ተመልሶ አይመጣም። በሐራጅ የሚገዛውም ሰው ቢሆን የይዞታውን ነጥብ በራሱ ባለሙያ ሳያስለካ እጁን ባያወጣ ይሻለዋል። በዚህ ገበያ ላይ የሚሠሩ ደላሎች የካርታ ፎቶ ኮፒ ብቻ ይዘው ሲዞሩ ይታያል፤ ካርታው ግን ከክርክሩ ግማሹን እንኳ አይነግርም።

ታክሱ ሌላ በር ነው

ታክስ ከግልግል ውጭ ነው ሲባል ነጋዴው ማሰብ ያለበት ስለ ጥሬ ገንዘብ ነው። የታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 ሲወጣ ባስቀመጠው ሥርዓት ውሳኔ የደረሰው ግብር ከፋይ ቅሬታውን በ21 ቀን ውስጥ ያቀርባል። ካልተስማማ በ30 ቀን ውስጥ ወደ ታክስ ይግባኝ ኮሚሽን ሲሄድ የተከራከረበትን ታክስ 50 በመቶ ያስይዛል፤ ከዚያ ወደ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ሲያልፍ 75 በመቶ። የ10 ሚሊዮን ብር ክርክር ያለበት ሰው ኮሚሽኑ በር ላይ 5 ሚሊዮን ይዞ መድረስ አለበት ማለት ነው። የዘር መግዣውን ለባንክ፣ ቀሪውን ለታክስ ያስያዘ እርሻ በዚያ ክረምት ምን ይዘራል?

የውጭ ኩባንያዎች ይህን በር ለማለፍ የኢንቨስትመንት ስምምነትን ሞክረዋል። የእስራኤሉ አይሲኤል በዳናኪል የፖታሽ ሥራውን በጥቅምት 2009 ዓ.ም ሲዘጋ አንዱ ምክንያቱ ከ50 ሚሊዮን ዶላር በላይ የተጠየቀው ታክስ ነበር፤ በዓመቱ መጨረሻ አካባቢ በኢትዮጵያና በኔዘርላንድስ ስምምነት መሠረት ጉዳዩን ዘ ሄግ በሚገኘው ቋሚ የግልግል ፍርድ ቤት አስተዳደር ሥር ወደ ግልግል ወሰደው። ካሩቱሪም ቢሆን በጋምቤላ ውሉ ከመቋረጡ በፊት በኬንያ ናይቫሻ ከታክስ ባለሥልጣኑ ጋር 11 ሚሊዮን ዶላር በሚጠጋ የዋጋ ማዛወር ክርክር ውስጥ ገብቶ ነበር፤ የኬንያው አበባ እርሻም በ2006 ዓ.ም በአበዳሪ ባንክ ጥያቄ በተሾመ አስተዳዳሪ እጅ ወደቀ። እንዲህ ካለ ኩባንያ ጋር በሽርክና የሚገባ የአገር ውስጥ ነጋዴ የባሮ ዳሩን እርሻ ብቻ ሳይሆን የእናት ኩባንያውን መዝገብ በሌላ አገር ማየት ይኖርበታል። ናይሮቢ ላይ የተጀመረ የታክስ ክርክር ኢታንግ ላይ የሚጠበቀውን የነዳጅ ክፍያ ሊያስቀር ይችላልና።