አንገቱን የሚያውስ ባልንጀራ

ከታች ያለው ሰው የተሸነፈ ይመስላል። በጀርባው ተንጋሎ ተኝቷል፤ ተጋጣሚው ተንበርክኮ ይጫነዋል። ግን ልብ ብለው ይዩት፤ ሁለት እግሮቹን በተጋጣሚው ወገብ ዙሪያ ጠምጥሞ ቁርጭምጭሚቶቹን ከኋላ አቆላልፏል። አንድ እጁ የተጋጣሚውን የትግል ልብስ (ኪሞኖ) ኮሌታ፣ ሌላው እጅጌውን ጨብጧል። የላይኛው ክንዱን ዘርግቶ ደረቱ ላይ ሲደገፍ የታችኛው ያን ክንድ ከደረቱ ጋር አጣብቆ ይይዛል። በአንድ እግሩ የላይኛውን ዳሌ ረግጦ ወገቡን ወደ ጎን ያዞራል፤ ሌላውን እግር በፊቱ በኩል አሻግሮ ጭንቅላቱን ይገፋዋል። አሁን ክንዱ በሁለት ጭኖች መሀል ተወጥሯል፤ አውራ ጣቱ ወደ ላይ ዞሯል። የታችኛው ዳሌውን ትንሽ ቢያነሣ ክርኑ ተፈጥሮ ባልፈቀደችለት በኩል ይሄዳል። የላይኛው በነፃ እጁ ሁለቴ መታ መታ ያደርገዋል። ክንዱ ወዲያው ይለቀቃል። መዳፍ ለመዳፍ ተነካክተው እንደገና ይያያዛሉ።

የብራዚላዊ ጂዩ ጂትሱ ልምምድ በሚካሄድበት ቤት ሁሉ ይህ በአንድ ምሽት ብዙ ጊዜ ይደጋገማል። ቡጢ የለም፣ እርግጫ የለም። ያለው ጥሎ ማውደቅ፣ መሬት ላይ መታገል፣ በመጨረሻም መገጣጠሚያ በመቆለፍ ወይም አንገት በማነቅ ተጋጣሚን እጅ ማሰጠት ነው። ውድድሩ የግል ነው፤ ምንጣፉ ላይ አንድ ለአንድ ይገጥማሉ፣ ሜዳሊያውም የሚንጠለጠለው በአንድ አንገት ነው። ስፖርቱን ከቅርብ ያየ ሰው ግን ይህን ያህል በሌላ ሰው ላይ የቆመ የግል ውድድር መኖሩን ይጠራጠራል። ቦክሰኛ የልምምድ ጓደኛውን በየቀኑ ባለ በሌለ ኃይሉ ቢመታው ሁለቱም ዓመት አይዘልቁም። ጂዩ ጂትሱ የሚታገል ሰው ግን ሳይቆጥብ፣ ከልቡ ከሚቋቋመው ሰው ጋር፣ በሳምንት አራትና አምስት ቀን መታገል ይችላል። ይህን ያስቻለው ያ ሁለት ጊዜ መታ መታ ማድረግ መከበሩ ነው። አንዱ ክንዱንና አንገቱን ያውሳል፤ ሌላው ሳይጎዳ ይመልሳል።

የሐሳቡ አባት ጃፓናዊው ጂጎሮ ካኖ ነው። እ.ኤ.አ. በ1882 በቶኪዮ ኮዶካን የተባለውን ትምህርት ቤት ሲመሠርት ከጥንቱ ጁጁትሱ ውስጥ ያለ ጉዳት በሙሉ ኃይል ሊለማመዷቸው የሚቻሉትን ስልቶች ለይቶ የልምምዱ ማዕከል አደረጋቸው፤ ጁዶ የተወለደው ከዚያ ነው። የኮዶካን ልጅ የነበረው ሚትሱዮ ማኤዳ ዓለምን እየዞረ ከገጠመው ሁሉ ጋር ሲታገል ቆይቶ በ1914 ብራዚል ገባ፤ ኋላም በአማዞን ወንዝ መዳረሻ ባለችው በቤሌም ከተማ ተቀመጠ። እዚያ ካስተማራቸው ወጣቶች አንዱ ካርሎስ ግሬሲ ነበር። ካርሎስና ወንድሞቹ በ1925 በሪዮ ዴ ጃኔሮ ትምህርት ቤት ከፈቱ። ታናሽየው ሄልዮ፣ ቤተሰቡ እንደሚተርከው፣ ሰውነቱ ደካማ ስለነበር ጉልበት የሚጠይቀውን ትቶ ጊዜ መጠበቅንና መፈንቀልን አጠነከረ። ከታች ሆኖ የመዋጋት ጥበብ በብራዚላውያኑ እጅ የዳበረውም በዚህ መንገድ ነው።

የግሬሲዎችን ታሪክ ሁሉም ይተርከዋል፤ የኦስቫልዶ ፋዳ ግን ይረሳል፤ መረሳት አልነበረበትም። ፋዳ ሉዊስ ፍራንሳ ከተባለ አስተማሪ ተምሮ በሪዮ ዳርቻ ቤንቶ ሪቤይሮ በተባለ ሠፈር ያስተምር ነበር። ተማሪዎቹ የግሬሲዎቹን ክፍያ የማይችሉ ድሆች ነበሩ፤ ብዙዎቹን በነፃ አስተምሯል። በ1950ዎቹ የግሬሲዎችን ትምህርት ቤት በይፋ ለግጥሚያ ጠርቶ ተማሪዎቹ አሸነፉ፤ ያሸነፉትም በአብዛኛው በዘመኑ ይናቅ በነበረው የተጋጣሚን እግር የመቆለፍ ስልት ነው። የኋላ ኋላ ታዋቂውን ተፋላሚ ጆዜ አልዶን ያፈራው ኖቫ ኡኒያዎ የተባለው ቡድን ከዚህ መስመር የተገኘ ነው።

ግሬሲዎቹም ቢሆኑ ሽንፈትን ማክበር ያውቁ ነበር። በ1951 በማራካና ስታዲየም ሄልዮ ከጃፓናዊው የጁዶ ጀግና ማሳሂኮ ኪሙራ ጋር ገጠመ። ኪሙራ ክንዱን ወደ ኋላ ጠምዝዞ ሰበረው፤ ሄልዮ እጅ አልሰጥም ስላለ ግጥሚያውን ያስቆመው ፎጣ የወረወረው የገዛ ወንድሙ ካርሎስ ነበር። ያ የክንድ ጥምዘዛ ዛሬም በዓለም ዙሪያ የሚጠራው «ኪሙራ» ተብሎ ነው። የተሸነፈ ቤት የአሸናፊውን ስም ለልጅ ልጆቹ ሲያስተምር ማየት ብርቅ ነው።

ከብራዚል ውጭ ያለው ዓለም የነቃው በኅዳር 1993 ነው። የሄልዮ ልጅ ሮይስ ግሬሲ በዴንቨር በተካሄደው፣ ዩኤፍሲ በተባለው የፍልሚያ ውድድር የመጀመሪያ ዝግጅት ላይ ነጭ ኪሞኖውን ለብሶ ገብቶ በአንድ ምሽት ሦስት ተጋጣሚዎችን ረታ። ቀጠን ያለ ሰው ነው፤ በጡንቻ የሚያስፈራ አልነበረም። ከዚያ ወዲህ የጂዩ ጂትሱ ቤት የሌለበት ትልቅ ከተማ ማግኘት ያስቸግራል። አቡ ዳቢ በ1998 ያለ ኪሞኖ የሚካሄደውን ኤዲሲሲ የተባለ ታላቅ ውድድር ጀመረች፤ በኋላም ስፖርቱን በትምህርት ቤቶቿ አስገባች። በዚያ አገር የሚኖሩ አንባቢዎቻችን ኪሞኖ ያንጠለጠሉ ተማሪዎች አይተው ይሆናል።

ወደ ልምምዱ ቤት እንመለስ። ተማሪዎች በቀበቷቸው ቅደም ተከተል ይሰለፋሉ፤ ነጭ፣ ሰማያዊ፣ ሐምራዊ፣ ቡናማ፣ ጥቁር። ጥቁር ቀበቶ ለመታጠቅ አሥር ዓመት ገደማ መልፋት የተለመደ ነው፤ ችኮላ የሚወድ ሰው እዚህ አይቆይም። ሰውነት ከተሟሟቀ በኋላ አሠልጣኙ አንድ ስልት ያሳያል፤ ተማሪዎች ጥንድ ጥንድ ሆነው ይደጋግሙታል። በዚህ ጊዜ ጓደኛህ አይቋቋምህም፤ ሰውነቱን ሰጥቶህ «እግርህን ከፍ አድርግ፣ ክፍተት ተውክ» እያለ ያርምሃል። ቀጥሎ ነፃው ትግል ይመጣል። አምስት ወይም ስድስት ደቂቃ ከአንዱ ጋር፣ ትንሽ እፎይታ፣ ከዚያ ከሌላው ጋር። አዲስ ገቢ እዚህ ላይ የሚሠራው ስህተት ሁሌም ተመሳሳይ ነው፤ ትንፋሹን ይይዛል፣ ያገኘውን ሁሉ ጨምድዶ ይጎትታል፣ በሁለተኛው ደቂቃ ያልቅለታል። ሐምራዊ ቀበቶ የታጠቀች፣ በኪሎ ከእሱ በብዙ የምታንስ ሴት ሳትቸኩል ጀርባው ላይ ትወጣና ክንዷን ካገጩ ሥር ታስገባለች።

ስለ ማነቁ አንድ ነገር መታወቅ አለበት። በአግባቡ የተሠራ እንቅ የሚጫነው የአየር ቧንቧን ሳይሆን በአንገት ግራና ቀኝ ደም ወደ አንጎል የሚያደርሱትን ሁለት የደም ሥሮች ነው። ሁለቱ ሲዘጉ ሰው በጥቂት ሴኮንዶች ውስጥ ራሱን ይስታል፤ ሕመሙ ግን ቀላል ስለሆነ አደጋው የቀረበ አይመስለውም። ስለዚህ ቶሎ እጅ መስጠትን መልመድ የዚህ ትምህርት ሀሁ ነው። እጅ ያልሰጠውን ጀማሪ ደግሞ አስቀድሞ መልቀቅ የነባሩ ግዴታ ነው። ጀማሪ መቼ አደጋ ላይ እንደሆነ አያውቅም፤ ያነቀው ሰው ግን ያውቃል።

ውድድር ሲቃረብ የቡድኑ ሥራ ይለወጣል። ተወዳዳሪው መሀል ይገባል፤ ጓደኞቹ በየደቂቃው ወይም በየሁለት ደቂቃው እየተፈራረቁ ይገጥሙታል። እሱ እየደከመ ይሄዳል፣ የሚመጣበት ግን ሁሌም ያረፈ ነው። አንዱ የሚጠበቀውን ተጋጣሚ ዘዴ አጥንቶ እንደዚያ ሰው ይታገልለታል፤ ሌላው ጀርባው ላይ ወጥቶ ይጀምርና ከዚያ ክፉ ቦታ መውጣትን ያለማምደዋል። እነዚህ ሰዎች ራሳቸው አይወዳደሩ ይሆናል፤ ከሥራ ውለው፣ ልጅ አስተኝተው የመጡ ናቸው። ሜዳሊያ ሲነሣ ስማቸው አይነሣም።

በውድድሩ ቀን ትዕግሥት ያስፈልጋል። በዓለም አቀፉ የብራዚላዊ ጂዩ ጂትሱ ፌዴሬሽን ውድድሮች ኪሞኖው ነጭ፣ ሰማያዊ ወይም ጥቁር መሆን አለበት። የእጅጌው ስፋትና ርዝመት በመለኪያ ይፈተሻል፤ ጠባብ እጅጌ ለተጋጣሚ የሚጨበጥ ነገር ይነሳል። ክብደት የሚለካው ከነኪሞኖው፣ ወደ ምንጣፉ ከመግባት ጥቂት ቀደም ብሎ ነው፤ ከልኩ ያለፈ ወዲያው ይሰናበታል። ይህን ደንብ እወደዋለሁ። በሌሎች የፍልሚያ ስፖርቶች ዋዜማውን ውሃ በመከልከልና በላብ ኪሎ አውርዶ ሌሊቱን የማገገም ልማድ አለ፤ ብዙ ወጣት ተጎድቶበታል። እዚህ እንዲህ ያደረገ ሰው ደርቆ ስለሚገጥም የሚቀጣው የገዛ ሰውነቱ ነው።

ዳኛው በፖርቱጋልኛ «ኮምባቺ!» ሲል ግጥሚያው ይጀመራል። ነጭ ቀበቶ አምስት ደቂቃ፣ ጥቁር ቀበቶ አሥር ደቂቃ ይታገላል። ጥሎ ማውደቅ 2 ነጥብ ነው፤ ከታች ገልብጦ ላይ መውጣትም እንዲሁ፤ ጉልበትን ሆድ ላይ ማሳረፍም። የታችኛውን እግሮች ጥሶ ጎኑ ላይ መድረስ 3፣ ደረቱ ላይ መቀመጥ ወይም ጀርባውን በእግር መያዝ 4 ነጥብ ያስገኛል። ነጥብ የሚቆጠረው ቦታው ለ3 ሴኮንድ ከተጠበቀ ነው። እጅ ያሰጠ ግን ነጥብ አያስፈልገውም፤ 12 ለ0 የሚመራ ሰው በመጨረሻዋ ሴኮንድ ታንቆ ሊሸነፍ ይችላል። በመጀመሪያ ውድድሩ ላይ ያለ ሰው ጆሮው የተደፈነ ያህል ነው፤ ከአዳራሹ ጫጫታ ውስጥ የሚለየው በምንጣፉ ዳር የተቀመጠውን የአሠልጣኙን ድምፅ ብቻ ነው፤ «ሁለት ደቂቃ ቀረህ! እየመራህ ነው! እጅጌውን አትልቀቅ!» ሲያበቃ ክንዱ ከመጨበጥ ብዛት አብጦ የውሃ ጠርሙስ መክፈት ያቅተዋል፤ የሚከፍትለት ጓደኛው ነው።

በቡድን ውጤት ወርቅ 9፣ ብር 3፣ ነሐስ 1 ነጥብ ለቤቱ ያስገባል። የአንድ ቡድን ልጆች ለፍጻሜ ሲገናኙ አንድ ያልተለመደ ነገር ይፈቀድላቸዋል፤ ሳይገጥሙ ወርቁን ማን እንደሚወስድ ሊስማሙ ይችላሉ። ተመልካቹ ቅር ይለዋል፤ ገንዘቡን ከፍሎ የመጣው ፍጻሜ ለማየት ስለሆነ እውነት አለው። ይሁን እንጂ ወራቱን በሙሉ አንገት ለአንገት ሲዋዋሱ የከረሙ ሰዎች በዚያ አዳራሽ አንዳቸው የሌላቸውን ክንድ መስበር ባይፈልጉ አልፈርድባቸውም።

እጅ አለመስጠትን የሚያሞግሱም አሉ፤ ምሳሌያቸውም የ2004ቱ የዓለም ሻምፒዮና ነው። በክፍት ክብደት ፍጻሜ ሮጀር ግሬሲ የጃካሬ ሶዛን ክንድ ዘርግቶ ጎዳው። ጃካሬ እጅ አልሰጠም፤ የተጎዳውን ክንድ ቀበቶው ውስጥ ሸጉጦ የቀረውን ጊዜ ቆሞ ጨረሰና በነጥብ አሸነፈ። ድፍረቱን አደንቃለሁ። ነገር ግን እሱ የዕድሜ ልኩን ድል በፊቱ ያየ ባለሙያ ነበር። ይህን ታሪክ ለስድስት ወር ተማሪ አርአያ አድርጎ የሚተርክ አሠልጣኝ ልጁን ለወጌሻ እያዘጋጀው ነው።

ቡድን ጥላም አለው። ከቤቱ ወጥቶ ለሌላ ቡድን የሚታገልን ሰው ብራዚላውያን «ክሪዮንቺ» ብለው እንደ ከሃዲ ያዩታል። ታማኝነት መልካም ነው፤ ተማሪው በየወሩ እየከፈለ ከሌላ ቤት ጋር እንዳይለማመድ ሲከለከል ግን ነገሩ ወደ ባለቤትነት ይዞራል። ከዚያም የከፋ አለ። በቅርብ ዓመታት በተለያዩ አገሮች አሠልጣኞች በተማሪዎቻቸው ላይ ጥቃት ፈጽመዋል ተብለው ተከሰዋል። አካል ለአካል በሚጣበቅበት፣ ታናሽ ለታላቅ በሚሰግድበት ቤት መተማመን ሲበላሽ የሚጎዳው ሴቷና ልጁ ነው፤ «የቤታችን ገመና» ተብሎ የሚታለፍ ጉዳይ አይደለም።

እንግዲህ ራስዎ ለመጀመር ወይም ልጅዎን ለማስገባት ካሰቡ፣ ከመክፈልዎ በፊት አንድ ሙሉ ልምምድ ቁጭ ብለው ይመልከቱ። ግድግዳው ላይ የተደረደረውን ዋንጫ ይተዉት። ጀማሪው መታ መታ ሲያደርግ ነባሩ ምን ያህል ፈጥኖ እንደሚለቅ ይዩ። ምንጣፉ በየቀኑ እንደሚታጠብ ይጠይቁ፤ ባልታጠበ ምንጣፍ ጭርት ከሰው ወደ ሰው በቀላሉ ይጋባል። ጆሮ ተፋትጎ ሲያብጥ ተማሪውን ወደ ሐኪም ይልኩት እንደሆነ ይጠይቁ፤ በቆዳውና በለጋ አጥንቱ መካከል የተጠራቀመው ደም በጊዜ ካልወጣ ጆሮው እንደተጨማደደ ይደርቃል። ሴቶች መኖራቸውን ይዩ፤ ካሉም ስንት ጊዜ እንደቆዩ ራሳቸውን ይጠይቋቸው። የልጆች ልምምድ ላይ ወላጅ እንዳይቀመጥ የሚከለክል ቤት ከሆነ ልጅዎን ይዘው ይውጡ።