እግሩ ጤነኛ ነው፤ ትእዛዙ ግን አይደርሰውም

ባለፈው ሳምንት አሶሳ አጠገብ ባለው የማታ ትምህርት ቤታችን «ጓያ» የሚለውን ቃል በሰሌዳ ላይ ጻፍኩ። ሐሳቤ «ጓ» የምትባለዋን ፊደል ማስተማር ብቻ ነበር። አንድ አባት ግን ቃሉን ካነበቡ በኋላ ዝም አሉ። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ጊዜ ከወሎ፣ ከደላንታ መጥተው እዚህ የሰፈሩ ናቸው።

ቆየት ብለው፣ «ልጄ፣ እኔ ወደዚህ ስመጣ ወንድሜ እዚያው ቀረ። ይህ እህል በሁለት ዱላ አስኬደው። እግሩ ቁስል የለው፣ ስብራት የለው። ታዲያ ለምን አይታዘዘውም?» አሉኝ።

ያን ማታ በቂ መልስ አልሰጠኋቸውም። አሁን የምጽፈው ለእርሳቸው ነው፤ ሌላውም ያንብበው።

እግር በራሱ አይሄድም፤ ትእዛዝ ይጠብቃል። ትእዛዙ የሚነሳው ከአንጎል ነው። የአዋቂ ሰው አንጎል አንድ ኪሎ ተኩል አይሞላም። ከአንጎል ወደ ታች ህብለ ሰረሰር ይወርዳል። በሬ ታርዶ አከርካሪው ሲፈለጥ በመካከሉ ነጭ ለስላሳ ገመድ አይታችሁ የለ? የእኛም እንደዚያው ነው። ርዝመቱ አንድ ክንድ፣ ውፍረቱ ትንሿን ጣት ያህላል። ከእርሱ ግራና ቀኝ 31 ጥንድ ነርቮች ይወጡና እየተከፋፈሉ እስከ እግር ጣት ይደርሳሉ። ነርቭን ከጅማት ወይም ከደም ሥር ጋር የምናምታታ ብዙ ነን። ጅማት ጡንቻን ከአጥንት ጋር ያስራል፤ የደም ሥር ደም ያመላልሳል፤ ነርቭ ግን ወሬ ያመላልሳል። ፈጣኑ ወሬ በአንድ ሰከንድ 100 ሜትር ያህል ይሄዳል።

ወሬው በሁለት በኩል ነው። አንደኛው ትእዛዝ ሆኖ ይወርዳል፤ ሌላው ሕመሙን፣ ሙቀቱን ይዞ ወደ አንጎል ይወጣል። ገንፎ የምታገነፋ እናት የጋለ ድስት ብትነካ፣ «ውይ!» የምትለው እጇን ከሳበች በኋላ ነው። እጇን ያስነሳው ህብለ ሰረሰር ነው፤ አንጎል የሚሰማው ዘግይቶ ነው። ይህን ስናገር አንዲት የበርታ እናት፣ «እጄ ከእኔ ቀድሞ ያውቃል በለኛ!» ብለው አሳቁን። እውነታቸውን ነው።

ወደ ጓያው ልመለስ። ጓያ ድርቅ ይችላል። ሌላው ሰብል ሲጠፋ እርሱ ይተርፋል፤ ችግሩም እዚህ ላይ ነው። በፍሬው ውስጥ መርዝ አለ። ከሌላ እህል ጋር ጥቂት ቢበሉት ያን ያህል አይጎዳም። እርሱን ብቻ ለወራት የበላ ሰው ግን ከአንጎል ወርደው እግርን የሚያዙት የነርቭ ክሮች ይሞቱበታል። ያን ጊዜ ጡንቻው ይገትራል፣ ጉልበቱ ይተሳሰራል፣ በጣቱ ጫፍ ይረግጣል። ሆኖም አእምሮው ደህና ነው፤ እሾህ ቢወጋው ይሰማዋል። ወደ ላይ የሚወጣው መንገድ ክፍት ነው፤ ወደ ታች የሚወርደው ነው የተቆረጠው። የተቆረጠ ቆዳ ይገጥማል፤ እነዚህ ክሮች ግን አንዴ ከሞቱ አይተኩም። መድኃኒት ያልተገኘለትም ለዚህ ነው።

በ1969 ዓ.ም. ግድም በደምቢያና በፎገራ ብዙ ሰው በዚህ ሽባ ሆኗል። በ1990 ዓ.ም. አካባቢ ደግሞ በደላንታና በዳውንት 2000 ያህል ሰው ተጎድቷል። ከሴት ይልቅ ወንድ፣ ከሽማግሌ ይልቅ ወጣት ይበዛበታል። የነርቭ ሐኪሙ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው ነገሩን ለዓመታት አጥንተዋል።

በየአገሩ የጓያው እንፋሎት ሲነካ ነው፣ ገለባውን ሲረግጡ ነው ይባላል። አይደለም፤ የሚጎዳው መብላቱ ነው። አበላሉም ይለያያል። ቆሎው፣ ንፍሮውና እሸቱ ይብሳሉ። በሽንኩርትና በዝንጅብል የተሠራ ሽሮ፣ ከማሽላ ወይም ከጤፍ ጋር የተደባለቀም ጉዳቱ ያንሳል። በብዙ ውሃ ዘፍዝፎ ውሃውን መድፋትም መርዙን ይቀንሳል።

እዚህ አሶሳ ማሽላና በቆሎ አለን። እኒያ አባት ግን ሐሳባቸው ደላንታ ነው። ይህን ጽሑፍ ሳነብላቸው አንገታቸውን ደፍተው አዳመጡ። ሲያበቃ አንድ ወረቀት ቅደድልኝ አሉኝ። ለወንድማቸው ልጆች የሚልኩትን ደብዳቤ ራሳቸው ጻፉት። «ጓያውን ብቻውን አትቀቅሉ» የምትለዋን ለመጨረስ ማታው መሸባቸው፤ «ቅ»ን ሁለት ጊዜ ሰርዘዋታል።