ታረቅን ማለት ፋይሉ ተዘጋ ማለት አይደለም

ሬሆቮት፣ ሄርዝል ጎዳና ወዳለው ቢሮዬ የሚመጡ ወላጆች «ወንድማችን፣ ሽማግሌ ልከን ታርቀናል፤ የልጁ ፋይል ይዘጋል አይደል?» ይሉኛል። በራሱ አይዘጋም። የወንጀል ክስ የመንግሥት ነው። እርቁ ግን በሁለት መንገድ ሊረዳ ይችላል።

1. እ.ኤ.አ. ከ2012ቱ የእስራኤል የሕግ ማሻሻያ ወዲህ ዓቃቤ ሕግ ቀለል ባሉ ወንጀሎች ክስ ሳይመሠርት በ«ሄስዴር ሙትኔ» (በቅድመ ሁኔታ ስምምነት) ፋይል መዝጋት ይችላል። ተጠርጣሪው ድርጊቱን ያምናል፤ እንደ ስምምነቱም ለተበዳዩ ካሳ ይከፍላል ወይም ሌላ ግዴታ ይፈጽማል።

2. ለወጣቶች በዳይና ተበዳይ ፊት ለፊት የሚነጋገሩበት መንገድም አለ፤ ተበዳዩ ከፈቀደ ብቻ።

እነዚህ መንገዶች ይስፋፉ የምትሉ፣ የክኔሴት አባላትን አናግሩ። ፖለቲከኛ የሚፈራው «ለወንጀለኛ ራራ» መባልን ነው። ስለዚህ የተከሳሽ እናት ብቻ አትላኩ፤ የተካሰ ተበዳይ ይቅደም፣ በኢትዮጵያውያን እስራኤላውያን ላይ ያለውን ዘረኝነት ስለመዋጋት የወጣው የ2016ቱ የፓልሞር ሪፖርትም ይከተል።

ጥያቄ ካላችሁ ከሥር ጻፉልኝ። የፋይል ቁጥርና የልጅ ስም ግን እዚህ አታውጡ።