አንድ ፍሊፕ ስንት ውድቀት ያስወጣል?

ቪዲዮውን ስልካችሁ ላይ ሳታዩት አትቀሩም። አንድ ልጅ ሰሌዳ ላይ ቆሞ በገመድ እየተጎተተ ውሃ ላይ ይንሸራተታል፣ ድንገት ወደ ላይ ይነሳል፣ እግሩ ሰማይ ጭንቅላቱ ውሃ ይሆንና ተመልሶ ቀጥ ብሎ ያርፋል። አራት ሰከንድ አይሞላም። ከሥሩ የሚጻፈው አስተያየትም ሁሌ አንድ ነው፦ «ደፋር!»

እኔ ነገሩን ባለፈው ሰኔ ለሁለት ሳምንት በቅርብ አየሁት፣ ሞከርኩትም። ከዚያ ወዲህ «ደፋር» የሚለው ቃል አያረካኝም። በእኔ ግምት ፍሊፕ የሚማረው በርካሽ ዋጋ ደጋግሞ መውደቅ የቻለ ሰው ነው። ኢኮኖሚክስ የተማረ ሰው ሁሉን ነገር ወደ ዋጋ ይመልሳል ትሉኝ ይሆናል። ልክ ናችሁ፣ ግን እስኪ ሒሳቡን አብረን እናስላው።

ስፖርቱ ዌክቦርድ ይባላል። «ዌክ» ጀልባ ሲሄድ ከኋላው የሚተወው ማዕበል ነው። እ.ኤ.አ. በ1985 አሜሪካ ሳንዲያጎ ውስጥ ቶኒ ፊን የሚባል ሰርፈር «ስከርፈር» የተባለ አጭር ሰሌዳ ይዞ ብቅ አለ፣ በጀልባ የሚጎተት ሰርፍ በሉት። በ1990 ኸርብ ኦብራየን ቀጠን ያለ ሰሌዳ ሠርቶ ሲያወጣ ስፖርቱ መልክ ያዘ። በ1999 ደግሞ ፓርክስ ቦኒፌይ አየር ላይ ሦስት ሙሉ ዙር ዞሮ አረፈ። በአሥር ዓመት ውስጥ ማለት ነው።

ችግሩ ጀልባው ነው። ለዌክቦርድ የሚሆን ጀልባ ትልቅ ማዕበል እንዲፈጥር ሆን ተብሎ ክብደት ይጫንበታል፣ ስለዚህ ነዳጅ ይጠጣል። በሰዓት 15 ሊትርና ከዚያ በላይ። ተማሪው በወደቀ ቁጥር ጀልባው ዞሮ መመለስ አለበት፣ ገመዱን ማቀበል አለበት፣ እንደገና ፍጥነት መያዝ አለበት። ለዚህ መፍትሔ ያመጣው ጀርመናዊው መሐንዲስ ብሩኖ ሪክሰን ነው። በ1960ዎቹ ጀልባውን አስወጥቶ ምሰሶዎች ላይ የሚሮጥ የብረት ገመድ ተካበት። ዛሬ «ኬብል ፓርክ» የሚባለው ይኼ ነው። ትንሹ ዓይነት ሁለት ምሰሶ ብቻ ያለው ሲሆን በኤሌክትሪክ ሞተር ይሠራል፣ አንድ ሰው ዳር ላይ ቆሞ ሪሞት በሚመስል መሣሪያ ያዝዘዋል።

እኔ ያየሁት ኬብል አቡዳቢ ነው። ዱባይ የምትሠራ እህቴን ልጠይቅ ሄጄ ነበር። ሪሞቱን የያዘው ልጅ ደግሞ አብሮ አደጌ ነው፣ የሐዋሳ ልጅ። ስሙን አልጽፍም፣ ለምን እንደሆነ ወደ ታች ይገባችኋል።

ጓደኛዬ ልጅ እያለ ሰፈራችን የወጣቶች ሰርከስ ውስጥ ነበር። አገራችን ውስጥ ከአዲስ አበባ እስከ ጅማ፣ ከመቀሌ እስከ ድሬዳዋ ሰርከስ ያላፈራው ከተማ ጥቂት ነው። ኋሊት መገልበጥ ለእሱ እንደ መራመድ ነው። ስለዚህ ዌክቦርድ ላይ ፍሊፕ በሳምንት ይማራል ብላችሁ ትገምቱ ይሆናል፣ እሱም እንደዚያ ነበር የገመተው። አራት ወር ፈጀበት።

ለምን? መሬት ላይ ስትገለበጡ ጉልበቱ የእናንተ ነው፣ ከእግራችሁ ይመጣል። ውሃ ላይ ግን እግራችሁ 140 ሳንቲሜትር አካባቢ ርዝመት ካለው ሰሌዳ ጋር ታስሯል፣ ጉልበቱ ደግሞ ያለው ገመዱ ውስጥ ነው። «ባክሮል» የሚባለው፣ ብዙ ሰው ኬብል ላይ መጀመሪያ የሚማረው ፍሊፕ፣ እንዲህ ነው የሚሠራው። መጀመሪያ ከገመዱ መስመር ወጣ ብላችሁ ወደ ጎን ትርቃላችሁ። ተረከዛችሁን ቀስ በቀስ ጫን ስትሉ የሰሌዳው ጠርዝ ውሃውን ይቆርጣል፣ ገመዱም ይወጠራል። ሞተሩ ወደ ፊት ይስባል፣ ጠርዙ ወደ ጎን ይይዛል፣ እናንተ መሐል ላይ እንደ ወንጭፍ ላስቲክ ትሆናላችሁ። ከዚያ ጉልበታችሁን ዘርግታችሁ ቀና ስትሉ ወንጭፉ ይለቃል። የኬብል አንዱ ጥሩ ነገር የሚስበው ከላይ መሆኑ ነው፣ ከጀልባ የበለጠ ወደ ላይ ያነሳል።

አየር ላይ የሚሠራው ነገር ትንሽ ነው። እጀታውን ዳሌ አጠገብ ማቆየት፣ ፊት ባለው ትከሻ በኩል ዞሮ ማረፊያውን በዓይን መፈለግ፣ ጉልበትን አጠፍ አድርጎ መጠበቅ። እጅ ከተዘረጋ አለቀ፣ ገመዱ ደረታችሁን ወደ ፊት ይዞት ይሄዳል፣ እግራችሁ ከኋላ ይቀራል።

የሰርከሱ ልጅ የተቸገረው እዚህ ጋ ነው። ሰርከስ ያስተማረው ጭንቅላቱን ወደ ኋላ ወርውሮ መገልበጥን ነው። ጭንቅላት ቀድሞ ሲወረወር ግን ጠርዙ ያለ ጊዜው ይለቃል፣ ገመዱ ሳይወጠር። ግማሽ ዙር ዞሮ በጀርባው ይወድቃል። «ሰውነቴ የሚያውቀውን ነገር እንዲረሳ ማድረግ ነው የከበደኝ» አለኝ። በሌላ በኩል ጭንቅላቱ ወደ ታች ሲሆን አይደነግጥም፣ ሰማዩ የት እንዳለ ያውቃል። እኔ ይኼ አልነበረኝም። አየር ላይ ስሆን ዓይኔ በራሱ ጊዜ ይጨፈናል።

አወዳደቁም ቀላል አይደለም። ፍጥነቱ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው፣ በዚያ ፍጥነት ውሃ እንደ ውሃ አይሆንም። በጣም የሚፈራው የሰሌዳው የፊት ጠርዝ ውሃ ሲነክስ ነው፣ ሰሌዳው ቆሞ ይቀርና ፊታችሁ እንደ በር ይዘጋል። ሄልሜትና የደረት መከላከያ ጃኬት የሚደረገው ለዚህ ነው። ጆሮ በተለይ ይጎዳል፣ በጎን የወደቀ ሰው የጆሮው ታምቡር ሊቀደድ ይችላል።

አሁን ወደ ሒሳቡ። ጓደኛዬ እያንዳንዱን ሙከራ ስልኩ ላይ ይመዘግባል። ወድቆ ያልተሳካለት 212 ጊዜ ነው። በ213ኛው አረፈ።

በምሰሶዎቹ መካከል ያለው ርቀት 200 ሜትር ያህል ነው፣ በዚያ ፍጥነት 24 ሰከንድ ይፈጃል። መውደቁ፣ እጀታውን መልሶ መያዙ፣ መነሳቱ ሲደመር በአማካይ ሁለት ደቂቃ ለአንድ ሙከራ በሉ። ይኼንኑ በጀልባ እናድርገው ብንል፣ በ20 ደቂቃ ውስጥ ስምንት ሙከራ ከተገኘ ጥሩ ነው። 213 ሙከራ ማለት ዘጠኝ ሰዓት ገደማ፣ ቢያንስ 135 ሊትር ቤንዚን። ለአንድ ፍሊፕ። ቤንዚን ለማግኘት ማደያ ሰልፍ ላይ ያደራችሁ ሰዎች ቁጥሩን ደግማችሁ አንብቡት።

በኬብልም ቢሆን በነፃ አይደለም። ደንበኛ ለ20 ደቂቃ የሚከፍለው ጓደኛዬ በቀን ከሚያገኘው ይበልጣል። እንደ ደንበኛ እየከፈለ ቢማር ኖሮ 213ቱ ሙከራ ከ21 ቀን በላይ ደመወዙን ይበላበት ነበር። የተማረው በሌላ መንገድ ነው። ፓርኩ ከመከፈቱ በፊት፣ ንጋት 12 ሰዓት ላይ፣ ሞተሩ ሲፈተሽ ሠራተኞቹ 40 ደቂቃ አላቸው። አራት ናቸው፣ ለእያንዳንዳቸው አሥር ደቂቃ፣ በሳምንት ሦስት ቀን። አሥር ደቂቃ ማለት አምስት ውድቀት ነው። 14 ሳምንት ያህል የፈጀው በዚህ ስሌት ነው፣ የቀረው ሦስት ሳምንት ደግሞ የጆሮው ነው።

ሁለተኛው ወር ላይ የግራ ጆሮው ታምቡር ተቀደደ። ለአለቃው አልተናገረም። ቢናገር የጠዋቱ ፈቃድ ለአራቱም ይቀር ይሆናል ብሎ ፈራ። ሐኪም ጋ በእረፍት ቀኑ ሄደ፣ ውሃ አትግባ ተባለ፣ ሦስት ሳምንት ዳር ላይ ቆሞ በአንድ ጆሮ እየሰማ ሌላውን ሰው ሲያንሸራትት ከረመ። ይኼን ሲነግረኝ እየሳቀ ነው። እኔ አልሳቅኩም።

የእኔ ቁጥር? እህቴ ከፍላልኝ ስድስት ጊዜ ገባሁ፣ እያንዳንዱ 20 ደቂቃ። ሁለቱ መነሳትና ጠርዝ መያዝ በመማር አለቁ። በቀሩት አራት 40 ጊዜ ያህል ፍሊፕ ሞከርኩ። ሁለቴ ሰሌዳዬ ውሃ ነክቶ ለአንድ ሰከንድ ያህል ቆምኩ፣ ከዚያ ተቀመጥኩ። ጓደኛዬ ከዳር ሆኖ «ጀለስ፣ ቀና በል! አትቸኩል!» እያለ ይጮሃል። ስወድቅ ሞተሩን ወዲያው ቀዝቀዝ ያደርገዋል፣ ያም አንድ ችሎታ ነው። ጥሩ ኦፕሬተር ያለው ተማሪ ሁለት እጥፍ ይማራል ብል ማጋነን አይመስለኝም፣ ምክንያቱም ሳይፈራ ይሞክራል።

እዚህ ጋ ነው ነገሩ የሚከብደኝ። ጓደኛዬ አሁን ባክሮል ከአሥር ስምንቱን ያርፋል፣ «ታንትረም» የሚባለውንም ጀምሯል፣ ልጆች ያስተምራል። ይኼ ችሎታ አገር ቤት ገበያ የለውም። ዌክቦርድ ለ2020 ኦሎምፒክ ከታጩት ስምንት ስፖርቶች አንዱ ሆኖ ነበር፣ ሳይመረጥ ቀረ። ተመርጦ ቢሆን ኖሮ ፌዴሬሽን ምናምን ይመጣ ነበር እያልን ተጨዋወትን። አልመጣም።

እሱ ግን ላንጋኖን ያስባል። ከአዲስ አበባ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ከሐዋሳም ሩቅ አይደለም፣ ከስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ቢልሃርዚያ የለበትም ተብሎ የሚታወቀው እሱ ነው። ከሰዓት በኋላ ነፋስ አለ፣ ጠዋት ግን ውሃው እንደ መስታወት ነው። (ጫሞ ላይ ማንም እንዳይሞክረው። እዚያ መውደቅ ዋጋው ሌላ ነው፣ አዞዎቹን ጠይቁ።) ሁለት ምሰሶ፣ አንድ ሞተር፣ ቤንዚን አያስፈልግም። የሚያስፈልገው መብራትና ዕቃውን የሚያስገባ የውጭ ምንዛሪ ነው። መብራት ይጠፋል፣ ምንዛሪውን ደግሞ እናንተም ታውቁታላችሁ። ቅዳሜና እሁድ ብቻ ደንበኛ ያለው ሥራ የባንክ ብድር ይከፍላል ወይ ብዬ አንድ ሌሊት ቁጭ ብዬ ሠራሁለት። በእኔ ስሌት ከሪዞርት ጋር ካልተጣመረ አይከፍልም። ከተጣመረ ደግሞ ጠዋት ጠዋት የአካባቢው ልጆች በነፃ የሚገቡበት ሰዓት ይኖራል ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ለእሱ ዋናው ጥያቄ ይኼ ነበር፣ ትርፉ አይደለም።

ኮንትራቱ በዚህ ወር ያልቃል። ለሁለት ዓመት ሊያድሱለት ወረቀቱን ሰጥተውታል፣ ደመወዙ ትንሽ ጨምሯል፣ የጠዋቱ 40 ደቂቃ ግን ወረቀቱ ላይ የለም። ትናንት ማታ የድምፅ መልእክት ላከልኝ። ሰኞ ይፈርማል ወይም አይፈርምም። ከጀርባው የሞተሩ ድምፅ ይሰማል፣ አንድ ሰው በእንግሊዝኛ «እንደገና! እንደገና!» እያለ ይጮሃል።