ፒካፑ ጠቅ ጠቅ ሲል

በካኩማ ለምንኖር ሰዎች ፒካፕ የባለቤቱ ብቻ አይደለም። የሱቅ ዕቃ ያመጣልናል፣ በሌሊትም ሕመምተኛ ያደርስልናል። ስለዚህ ሞተሩ ድምፅ ሲቀይር ዝም ብለን ማለፍ አንችልም። በቅርቡ የደረሰብንን እንንገራችሁ።

እኛ ጥቂት አስተማሪዎችና ባለሱቆች በእቁብ ገንዘብ ዕቃ የምናስጭንበት አንድ አሮጌ ላንድክሩዘር ፒካፕ አለ። ጠዋት ሲነሳ ከቴስታታው አካባቢ ጠቅ ጠቅ ማለት ጀመረ። ሹፌሩ ጋራዥ ወሰደው። ፉንዲው ሳይከፍት፣ ሳይለካ ወፍራም ዘይት ጨመረበትና ሂሳቡን ተቀበለ። ድምፁ ቀነሰ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ተመለሰ፤ ዳግመኛም እንዲሁ ሆነ። ከጊዜ በኋላ ግን ድምፁ በራሱ ጠፋ። ተሻለው ብለን ደስ አለን። የተሳሳትነው እዚህ ላይ ነው።

የዚህ መኪና ሞተር ዋን ኤች ዚ የሚባለው፣ በናፍጣ የሚሠራ ባለ 6 ሲሊንደርና 4.2 ሊትር ነው። 12 ባልቦላዎች አሉት። ካምሻፍቱ ሲዞር እያንዳንዱን ባልቦላ ቁልቁል ይገፋል። በመካከላቸው ሺም የሚባል ትንሽ ክብ ብረት አለ፤ ክፍተቱ የሚስተካከለው ውፍረቱ የተለየ ሺም በመተካት ነው። ሞተሩ ቀዝቅዞ ሲለካ ክፍተቱ በአየር ማስገቢያው በኩል ከ0.15 እስከ 0.25 ሚሊሜትር፣ በጭስ ማውጫው በኩል ከ0.25 እስከ 0.35 ሚሊሜትር መሆን አለበት። አቧራ በአየር ፊልትሮው ሲያልፍና ዘይቱ ሳይቀየር ሲቆይ ብረቱ ይበላል፣ ክፍተቱ ይሰፋል፣ ጠቅ ጠቅ ይላል። ወፍራም ዘይት ድምፁን ያፍናል እንጂ የተበላ ብረት አይመልስም።

የባሰው ግን ድምፅ የሌለው ነው። ባልቦላው ወደ መቀመጫው እየሰመጠ ሲሄድ ክፍተቱ ይጠባል። ድምፁም አብሮ ይጠፋል! በመጨረሻ ባልቦላው ሙሉ በሙሉ መዘጋት ያቅተዋል፤ የጋለው ጋዝ በዚያ ሲሾልክ ያቃጥለዋል። የእኛም እንደዚያ ሆነ። አንድ ሌሊት ትኩሳት የጠናበት ሕፃን ጭነን ላጋውን ስንሻገር ሞተሩ ጉልበት አጣ። እናትየው ልጇን አቅፋ በእግር ቀደመች፣ እኛ በአሸዋው ላይ ገፋን። ልጁ ደህና ነው። ያን ሌሊት ግን አንረሳውም።

ጠቅ ያለ ሁሉ ባልቦላ ነው ማለታችን አይደለም። የጭስ ማውጫ ጓርኒሲዮን ሲያፈስም ተመሳሳይ ድምፅ ይሰጣል፤ ብዙ ጊዜ አጠገቡ ጥላሸት ይታያል፣ ሞተሩ ሲሞቅም ድምፁ ሊቀንስ ይችላል። የናፍጣ ኖዝልም ይመታል። የባልቦላውን የሚለየው ፍጥነቱ ነው። ሞተሩ ሁለት ጊዜ ሲዞር ካምሻፍቱ አንድ ጊዜ ብቻ ይዞራል፤ ስለዚህ የአንድ ባልቦላ ምት የሞተሩን ዙር ግማሽ ያህል ነው። (ተማሪዎቻችን ይህን ክፍልፋይ ከመጽሐፉ ይልቅ በፒካፑ ቶሎ ገባቸው።) ረጅም ካቻቪቴ ጫፉን ቴስታታው ላይ፣ እጀታውን ጆሮ ላይ አድርጎ ማዳመጥም ይረዳል፤ ከቬንትሌተሩና ከቺንጊያው ግን ራቁ።

አሁን ቴስታታው ወርዶ ዛፍ ሥር ባልቦላ ይጠብቃል። ዱቄቱ በቦዳቦዳ እየመጣ ነው፣ ኪራዩም ከብዶናል። አዲሱ ፉንዲ መለኪያ አለው። ሲገጥም የ12ቱንም ክፍተት በቁጥር እንዲጽፍልን የደብተር ወረቀት ሰጥተነዋል።