ጠመንጃው ሲቆሽሽ፦ በሰርቫይቫል ጌሞች ውስጥ የመሣሪያ ጥገና እንዴት ይሠራል?

በብዙዎቹ የተኩስ ጌሞች ጠመንጃ አያረጅም። ተጫዋቹ ጭቃ ላይ ቢንከባለል፣ ወንዝ ቢሻገር፣ ሺህ ጥይት ቢያርከፈክፍ መሣሪያው ከሳጥን እንደወጣ ነው። ጥይትና መድኃኒት እየለቃቀሙ ነፍስን ማቆየት ግድ በሚሆንባቸው የሰርቫይቫል ጌሞች ግን መሣሪያውም ይደክማል። ጀማሪዎችን ከሚያናድዷቸው ነገሮች አንዱ ይህ ነው። እኔ ግን የእነዚህ ጌሞች ትልቁ ጣዕም እዚህ ላይ ነው ባይ ነኝ፤ ምክንያቱም ጥገናው ከውጊያው በፊት እንድናስብ ያስገድደናል።

ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው 4ኤ ጌምስ በ2019 እ.ኤ.አ. ያወጣው «ሜትሮ ኤክሶደስ» ነው። አርትዮም የሚባለው ዋና ገጸ ባሕርይ ከኒውክሌር ጦርነት በኋላ ከሞስኮ የምድር ውስጥ ባቡር መተላለፊያዎች ወጥቶ፣ «አውሮራ» በተባለ ባቡር ከጓደኞቹ ጋር ሩሲያን ያቋርጣል። ጠመንጃው በተተኮሰበት ቁጥር እየቆሸሸ ይሄዳል። ቆሻሻው ሲበዛ ጥይት ይነክሳል፤ አውሬው እየሮጠ ሲመጣ አርትዮም የተነከሰውን ጥይት ለማስለቀቅ ይታገላል። መነጽር፣ አፈሙዝ ወይም ሰደፍ ለመቀየር የጀርባ ቦርሳው ይበቃል። ለማጽዳት ግን የመጠገኛ ጠረጴዛ ያስፈልጋል፤ ጠረጴዛው ደግሞ በየቦታው አይገኝም።

ዋናው ጉዳይ ዋጋው ነው። ማጽጃው ኬሚካል ነው፤ ያው ኬሚካል የቁስል ማከሚያና የጋዝ ጭምብል ማጣሪያ ለመሥራትም ይፈለጋል። ስለዚህ ጠመንጃውን በወለወልን ቁጥር ከመድኃኒታችን ላይ እየቀነስን ነው። ትንሽ አቧራ ባየ ቁጥር የሚያጸዳ ተጫዋች ቆስሎ ማከሚያ ያጣል፤ ጨርሶ የማያጸዳው ደግሞ በክፉ ሰዓት መሣሪያው ይከዳዋል። የእኔ ምክር ይህ ነው፦ ጠረጴዛ ስታገኙ አስቀድማችሁ ማከሚያና ማጣሪያ ሥሩ፤ ከዚያ በሚተርፈው ኬሚካል ብዙ የምትተማመኑበትን አንዱን ጠመንጃ አጽዱ፤ ሌላው ይቆይ።

ፖላንዳዊው ቴክላንድ በ2015 ያወጣው «ዳይንግ ላይት» ጥያቄውን በሌላ በኩል ያመጣዋል። ሃራን በተባለች በወረርሽኝ በተዘጋች ከተማ ውስጥ ዋናዎቹ መሣሪያዎች ቱቦ፣ መጥረቢያና ገጀራ ናቸው። እያንዳንዱ ምት ያዳክማቸዋል። መጠገኛው ቁርጥራጭ ብረት ነው፤ ቆሞ ለመጠገን ጠረጴዛም አያስፈልግም። ነገር ግን አንድ መሣሪያ የሚጠገንበት ጊዜ የተቆጠረ ነው፤ ቁጥሩ ካለቀ በኋላ ከተሰበረ አበቃለት። እንግዲህ ጥሩ ገጀራ ይዞ የተገኘውን ሁሉ መምታት ብክነት ነው። ለደካማው ቱቦ ይበቃል፤ ገጀራው ለከባዱ ይቀመጥ። ብርቅ ማሻሻያም ብዙ ጥገና ለቀረው መሣሪያ እንጂ ለሚሞተው አይሰጥም። ጥገናው ያለቀበትን ደግሞ ፈታትቶ ብረቱን መውሰድ ይቻላል።

በኪየቩ ጂኤስሲ ጌም ወርልድ «ስቶከር» ጌሞች ጥገና የሰው ሥራ የሆነው ቆይቶ ነው። በ2007 በወጣው የመጀመሪያው ክፍል መሣሪያ ያረጃል፣ የሚጠግነው ግን አልነበረም፤ ጥሎ ሌላ ማንሳት ብቻ ነበር። በ2009ኙ «ኮል ኦቭ ፕሪፕያት» ግን በደረቅ መሬት ላይ በቀረች አሮጌ መርከብ ውስጥ ካርዳን የሚባል ባለሙያ ገንዘብ ተቀብሎ ይጠግናል። ጉዳቱ በከፋ መጠን ክፍያው ስለሚጨምር፣ ከአደገኛ ጉዞ ያገኘነው ገንዘብ ከፊሉ ተመልሶ እሱ ጋ ይገባል።

ለእኔ ከሁሉ የሚበልጠው የ2008ቱ «ፋር ክራይ 2» ነው። ከጠላት ላይ የተነሳ ጠመንጃ ዝገቱ በዓይን ይታያል፤ ማንም ቁጥር ሳያሳየን መክዳቱ እንደማይቀር እንረዳለን። መፍትሔውም ከመሣሪያ ሻጩ የገዙትን ዓይነት አዲሱን ከማከማቻው መውሰድ ነው። ተጫዋቹ አስቀድሞ ሊያየው የማይችል ብልሽት ቅጣት ብቻ ነው፤ የሚታይ ብልሽት ግን ምርጫ ይሰጠዋል።

ጌም ሠሪው ቤተስዳም በመሣሪያ እርጅና ላይ ሐሳቡን ቀያይሯል። በ2008ቱ «ፎልአውት 3» ተጫዋቹ የተጎዳ ጠመንጃ የሚጠግነው ተመሳሳዩን ፈታትቶ ነበር፤ ከሁለት አሮጌ አንድ ደህና ይወጣል። በ2015ቱ «ፎልአውት 4» የመሣሪያ እርጅና ቀረ፤ በ2018ቱ «ፎልአውት 76» ደግሞ ተመለሰ። መመለሱ ትክክል ነበር ብዬ አምናለሁ፤ እርጅና በሌለበት ጌም ከወደቀ ጠላት አጠገብ ያለ ተመሳሳይ ጠመንጃ ከመሸጥ ሌላ ብዙም ጥቅም የለውም።