የቅርጫት ኳስ ወቅትና የየካ ኮረብታዎች

የአንድ ኮሌጅ የቅርጫት ኳስ ቡድን በዓመት ውስጥ ስንት ጊዜ እንዳሸነፈና ስንት ጊዜ እንደ ተሸነፈ መቍጠር ቀላል ነው። ነገር ግን ይህ ቍጥር የተጫዋቾቹን ችሎታ ብቻ ይናገራል ብሎ የሚያምን ሰው ይሳሳታል። ዝናቡ፣ መሬቱና ከፍታው በውጤቱ ላይ ድርሻ አላቸውና። በዚህ ጽሑፍ ሦስቱ ነገሮች ከእንጦጦ ግርጌ እስከ የካና ኮተቤ ባለው አገር እንዴት እንደሚሠሩ ለማስረዳት እንሞክራለን። ነገሩም በመጨረሻ ወደ አንድ ጥያቄ ይወስደናል፤ ይኸውም አዲስ የገቡ ተማሪዎችን ለቡድን መምረጥ የሚገባው መቼ ነው? የሚል ነው።

እንደሚታወቀው ጨዋታውን የፈለሰፈው ካናዳዊው ጄምስ ኔይስሚዝ ነው። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1891 በአሜሪካ በስፕሪንግፊልድ ከተማ ከብርዱ የተነሣ ወደ ውጭ ሜዳ መውጣት ላልቻሉ 18 ተማሪዎች ሁለት የኮክ ቅርጫቶች በአዳራሹ ውስጥ በ3.05 ሜትር ከፍታ ሰቀለላቸው፤ 13 ደንቦችም ጻፈ። ጨዋታው ወደ ኮሌጆች ለመዛመት ብዙ ጊዜ አልፈጀበትም። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 18 ቀን 1896 የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ቡድን የአዮዋን ቡድን አምስት ለአምስት ገጥሞ 15 ለ 12 አሸነፈ። ኔይስሚዝ ራሱ በካንሳስ ዩኒቨርሲቲ ያቋቋመው ቡድን ግን የመጀመሪያ ጨዋታውን እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 3 ቀን 1899 ከካንሳስ ሲቲው ወ.ወ.ክ.ማ. ጋር አድርጎ 16 ለ 5 ተሸነፈ። ሆኖም ያን ወቅት 7 ጊዜ አሸንፎ፣ 4 ጊዜ ተሸንፎ ፈጸመ። በመጀመሪያው ቀን ብቻ ተፈርዶበት ቢሆን ኖሮ የጨዋታው ፈልሳፊ ቡድን እንደማይረባ ተቈጥሮ በቀረ ነበር።

ከዚህ ታሪክ የምንረዳው፣ በዚያ አገር ወቅቱን የወለደው ብርድ መሆኑን ነው። በእኛ ዘንድ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። በ1943 ዓ.ም. በአራት ኪሎ ሥራውን የጀመረው ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅም ሆነ፣ በ1954 ዓ.ም. በስድስት ኪሎ በገነተ ልዑል ግቢ የተከፈተው ዩኒቨርሲቲ፣ እንዲሁም ዛሬ በየካ ክፍለ ከተማ የሚገኘው የኮተቤ የትምህርት ዩኒቨርሲቲ በአንድ ሰማይ ሥር ናቸው። ዝናቡ በሰኔ ይበረታል፤ በሐምሌና በነሐሴ ያይላል፤ በመስከረም ያባራል። ጣሪያ በሌለው ሜዳ ላይ የሚጫወት ቡድን ወቅቱ የሚከፈተው በበጋ ነው። በአሜሪካ ክረምት ተጫዋቹን ወደ አዳራሽ አስገብቶ ጨዋታውን ሲያስጀምር፣ በእንጦጦ ግርጌ ክረምት ሜዳውን ይዘጋል።

ስለ መሬቱም ስናነሣ፣ የየካ ተዳፋት ለኳስ የሚመች አይመስልም። ዳሩ ግን ሒሳቡን እንመልከት። ዛሬ በሚሠራበት ደንብ የቅርጫት ኳስ ሜዳ 28 ሜትር በ15 ሜትር ነው፤ ስፋቱም 420 ካሬ ሜትር ይሆናል። 105 በ68 ሜትር የሆነ የእግር ኳስ ሜዳ ግን 7,140 ካሬ ሜትር ይፈጃል፤ ይህም 17 እጥፍ ማለት ነው። መሬቱ በየ100 ሜትሩ 5 ሜትር የሚያዘቀዝቅ ቢሆን፣ በቅርጫት ኳስ ሜዳ ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚደለደለው ልዩነት 1.40 ሜትር ሲሆን፣ በእግር ኳሱ ከ5 ሜትር ይበልጣል። ስለዚህ በኮረብታ ላይ ለተሠራ ትምህርት ቤት በትንሽ ቍፋሮና በትንሽ ወጪ የሚገኘው ሜዳ የቅርጫት ኳሱ ነው። ከላይ የሚወርደውን ጐርፍ የሚያስቀር ቦይ መቈፈሩ ግን ሊዘነጋ አይገባም።

ሦስተኛው ነገር ከፍታው ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ በአማካይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስትሆን፣ የእንጦጦ ራስ ወደ 3,200 ሜትር ይደርሳል። በባሕር ጠረፍ ያለውን የአየር ግፊት 1 ብንለው፣ በከተማው 0.75፣ በእንጦጦ ራስ ላይ ደግሞ 0.67 ያህል ነው። ይህ በመጀመሪያ ኳሱን ይነካል። በጂቡቲ ጠረፍ በመለኪያ 0.55 ተብሎ የተነፋ ኳስ በውስጡ ያለው ጠቅላላ ግፊት 1.55 ነው። ሙቀቱ ሳይለወጥ አዲስ አበባ ሲደርስ የውጭው ግፊት 0.75 ስለሚሆን መለኪያው 0.80 ያሳያል። ኳሱ ይደነድናል፤ ሲነጥርም ከእጅ ያመልጣል። በአዲስ አበባ 0.55 ተነፍቶ ወደ ጠረፍ የወረደ ኳስ ደግሞ 0.30 ብቻ ያሳያል፤ ይልማል፤ ሲያነጥሩትም ይሰንፋል። መድኃኒቱ ኳሱን በሚጫወቱበት ሥፍራ እንደገና መለካት ነው። መለኪያ የሌለው ሰው ኳሱን ከ1.80 ሜትር ከፍታ ለቆ፣ አናቱ ከ1.20 እስከ 1.40 ሜትር ድረስ ነጥሮ መመለሱን ቢያይ ይበቃዋል።

ከኳሱ ይልቅ የሚከብደው የሰው ትንፋሽ ነው። በደጋ አየር ውስጥ የኦክሲጅን ድርሻ እንደ ቆላው 21 ከመቶ ነው፤ ነገር ግን አየሩ ስለሚሳሳ በአንድ ትንፋሽ የሚገባው ያንሳል። የዚህ ትልቁ ማስረጃ 2,240 ሜትር ገደማ ከፍታ ባላት በሜክሲኮ ከተማ የተደረገው ኦሎምፒክ ነው። ጥቅምት 10 ቀን 1961 ዓ.ም. ማሞ ወልዴ ማራቶኑን ያሸነፈው በ2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ከ26 ሴኮንድ ነበር፤ አበበ ቢቂላ በ1957 ዓ.ም. በቶኪዮ የሮጠው ግን በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሴኮንድ ነበር። መንገዱ የተለያየ ቢሆንም ከፍታው ድርሻ ነበረው። በዚያው በሜክሲኮ ግን ቦብ ቢመን 8.90 ሜትር ዘልሎ የዓለምን ክብረ ወሰን ሰበረ። አንዲት አጭር ጥረት በከፍታ አትጐዳም፤ እንዲያውም የሳሳው አየር ያግዛታል። የሚጐዳው የማያቋርጠው ጥረትና ከጥረት በኋላ ማገገም ነው።

የቅርጫት ኳስ በሁለቱ መካከል ይገኛል። ተጫዋቹ አንድ ጊዜ ቢፈተለክ ወይም ቢዘል ከፍታው አያግደውም፤ አሥረኛውንና ሃያኛውን ጊዜ ሲደግም ግን የትንፋሹ ዕዳ ይከማችበታል። ከጋምቤላ ወይም ከሠመራ፣ ማለት ከ500 ሜትር አካባቢ፣ መጥቶ ትምህርት የጀመረ ወጣት በመጀመሪያው ሳምንት ቶሎ ሲያለከልክ ይታያል። በ2,800 ሜትር ገደማ በበቆጂ ያደገው ጓደኛው ግን ምንም አይመስለውም። አሠልጣኙ በዚያ ሳምንት ምርጫ ቢያደርግ የሚመርጠው ችሎታን ሳይሆን የትውልድ አገርን ከፍታ ነው። የቆላው ልጅም ሰነፍ ተብሎ ይቀራል፤ ያልተመረጠም ተማሪ ብዙ ጊዜ ተመልሶ አይመጣም።

የሰው ገላ ግን ይለምዳል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ትንፋሹ ይፈጥናል፤ ልቡም በብርቱ ይመታል። ከዚያ በኋላ ቀይ የደም ሕዋሳት እየበዙ ይሄዳሉ። ከሁለትና ከሦስት ሳምንት በኋላ ልዩነቱ እየጠበበ ይመጣል፤ ፈጽሞ መልመድ ግን ከዚያ የበለጠ ጊዜ ይጠይቃል።

ስለዚህ የኮሌጅ ቡድን የሚያቋቁሙ ሁሉ ሦስት ነገሮችን ቢያደርጉ ይበጃል። በመጀመሪያ፣ የአዲስ ገቢዎችን ምርጫ ቢያንስ እስከ አራተኛው ሳምንት ያቈዩ፤ እስከዚያው ውርወራንና ማቀበልን ያስተምሩ። ሁለተኛ፣ ኳሱን በየጨዋታው ሥፍራ ይለኩ። ሦስተኛ፣ በውጤት መዝገባቸው ላይ ከነጥቡ ጎን የሥፍራውን ከፍታና የሰማዩን ሁኔታ ይጻፉ። እንዲህ የተጻፈ መዝገብ ከዓመታት በኋላ ለሚያነበው ተማሪ የማንን ችሎታ እንደ ለካ ይነግረዋል፤ ነጥብ ብቻ የያዘው ግን ማን እንዳሸነፈ ከመናገር አያልፍም።